ዝዋይ ላይ የእንፋሎት መርከብ? ውሃውን ማን ለካው?

ዝዋይ ሐይቅ ላይ የድሮ የእንፋሎት መርከብ አምሳያ ተሠርቶ ሀብታም ቱሪስት ይንሸራሸርበት የሚለውን ሐሳብ፣ ያውም «የምኒልክ መርከብ» የሚል ስም ለጥፋችሁበት የምታጋሩ የሁሩታና የአሰላ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ ቆም በሉ።

1. ታሪኩ የባሮ ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1902 በተፈረመው ውል አፄ ምኒልክ ለእንግሊዞች ኢታንግ አካባቢ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ ፈቀዱ፤ ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ቆመ። ከካርቱም እየመጡ የጎሬን ቡና፣ ቆዳና ሰም ይጭኑ የነበሩት መርከቦች የሱዳን መንግሥት ንብረት ናቸው። ንጉሡ የፈቀዱት ወደቡን ነው። በመቅዘፊያ መንኮራኩር የሚሄድ ጀልባ ያሠራ ንጉሥ ከተፈለገ ቴዎድሮስ ጣና ላይ ሞክረዋል፤ እሱም በእጅ የሚዞር ነበር።

2. ባሮም መርከብ የሚሸከመው በክረምት ነው። የእንዲህ ያለው መርከብ መንኮራኩር ሳንቃዎች ውሃውን ከላይ ከላይ ስለሚገፉ እንደ ፕሮፔለር ጥልቀት አይፈልጉም፤ ለወንዝ የተመረጠውም ለዚህ ነው። እንዲያም ሆኖ ውሃው ሲጎድል ጉዞው ይቆም ነበር።

«እንግዲያው አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ የሆነው ዝዋይ ይስማማዋል» የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ትንሽ ጠፍጣፋ ጀልባን ይሸከማል፤ ዛሬም ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ጀልባ ይሄዳል። ባለ ብዙ ፎቅ መርከብ ግን ዳር ላይ መጠጋት አለበት፣ ዳሩ ደግሞ ደለልና ደንገል ነው። ሐይቁን የሚሞሉት ከእኛ ከአሰላ በኩል ካለው ደጋ የሚወርደው ካታርና ከጉራጌ በኩል የሚመጣው መቂ ወንዞች ናቸው። ከዚያው ውሃ መስኖው፣ የአበባ እርሻውና የባቱ ከተማ ይጠጣሉ፤ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል፤ አብያታ እንዴት እንደሸሸ ያየ ያውቀዋል። ግማሽ ሜትር መጉደል ለሌላው ሐይቅ ምንም ላይመስል ይችላል፣ ለዝዋይ ግን የጥልቀቱ አንድ አምስተኛ ነው።

«አሜሪካኖች ሠርተውት የለ?» ለሚለውም፦ እ.ኤ.አ. በ1995 የተሠራችው «አሜሪካን ኩዊን» መርከብ እውነተኛ የእንፋሎት ሞተር ቢኖራትም በኤሌክትሪክ በሚዞሩ ፕሮፔለሮችም ትታገዝ ነበር። ትሄድበት የነበረው የሚሲሲፒ ወንዝ ደግሞ መንገዱ በመንግሥት በጀት ደለሉ እየተጠረገ የሚጠበቅ ነው። ይህ ሁሉ እያለም ኩባንያዋ እ.ኤ.አ. በ2024 ተዘጋ። እኛ ጋ ጠራጊው ማን ነው? በጀቱስ ከየት ይመጣል?

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የሐይቁ የውሃ ከፍታ በሕዝብ ገንዘብ ይለካል፣ ከዚያ መዝገቡ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። የሚፈልገው ሰው ደብዳቤ ጽፎ፣ ማህተም አስመትቶ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብሎ ይመለሳል። በዚህ መሐል ፕሮጀክቱ በሥዕል ይታቀዳል፣ በሥዕል ይመረቃል። ቁጥሩ በየወሩ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ግማሹ ወሬ በራሱ ይሞት ነበር።

ጋምቤላ ላይ በክረምት ብቻ የምትሄድ፣ የቡናውን ንግድ በሐቅ የምትተርክ ትንሽ አምሳያ ትሠራ ከተባለ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ለዝዋይ ግን ቢያንስ የአሥር ዓመት የከፍታ መዝገብ ይውጣና እንነጋገር።