የውኃ ናሙና ሳይለወጥ ከወንዝ እስከ መመርመሪያ ቤት

እንደሚታወቀው የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ ጎን ተነሥተው፥ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ወደ ጣና ሐይቅ ይገባሉ። በነሐሴ ወር፥ በቡሄ ሰሞን፥ ውኃቸው ደፍርሶ ሲወርድ የተሸከመው አፈር ብቻ አይደለም። የረገፈው ቅጠል፥ የበሰበሰው ሣርና የከብቱ እበት ሁሉ በዝናብ ይታጠባል። ጌሾ የተዘፈዘፈበት ውኃ መልኩንና ጣዕሙን እንደሚለውጥ፥ የዝናቡም ውኃ ከብስባሹ የሟሟውን ነገር ይዞ ይሄዳል። ይህም በሳይንስ የተፈጥሮ ኦርጋኒክ ቁስ ይባላል።

ይህ ቁስ ራሱ ብዙውን ጊዜ መርዝ አይደለም። ነገር ግን ጀርም እንዲገድል በመጠጥ ውኃ ላይ ክሎሪን ሲጨመር፥ ክሎሪኑ ከዚህ ቁስ ጋራ ተዋሕዶ እንደ ክሎሮፎርም ያለ ጎጂ ነገር ይፈጥራል። ይህንንም በሮተርዳም የውኃ አገልግሎት ይሠራ የነበረው ዮሐንስ ሮክ የተባለ የሆላንድ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1974 ገልጿል። የዓለም ጤና ድርጅትም በመጠጥ ውኃ ውስጥ ክሎሮፎርም በሊትር ከ0.3 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ስለዚህ ክሎሪን ይቅር ማለት አይደለም፤ የጀርሙ ጉዳት እጅግ የባሰ ነውና። የሚበጀው ኦርጋኒኩን ቁስ አስቀድሞ ለክቶ፥ ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ማጣራት ነው።

ልኬቱ ግን ቀላል አይደለም። በአንድ ሊትር የወንዝ ውኃ ውስጥ የሚገኘው የሟሟ ቁስ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ቅቤ ወይም ሳሙና የነካው ጣት ውጤቱን ያበላሻል። ደግሞም በጠርሙሱ ውስጥ ያሉት ረቂቃን ነፍሳት ቁሱን ይመገቡታል፤ ብርሃንም ይሰባብረዋል። ወተት በሙቀት ውሎ እርጎ እንደሚሆን፥ ናሙናውም ሳይጠበቅ ከቆየ ሌላ ውኃ ይሆናል።

እንግዲህ ጥንቃቄው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ጠርሙሱ ብርሃን የማያስገባ ቡናማ ብርጭቆ ይሁን። ከታጠበም በኋላ በመመርመሪያ ቤት ምድጃ በ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 4 ሰዓት ያህል ይቃጠል። ክዳኑ ግን ስለሚቀልጥ ለብቻው ይታጠብ።

2ኛ፤ ቀጂው ፊቱን ውኃው ወደሚመጣበት አዙሮ፥ ከዳርና ከሥር ሳይሆን ከመካከል ይቅዳ። ጠርሙሱንም አስቀድሞ በዚያው ውኃ ሦስት ጊዜ ያለቅልቀው።

3ኛ፤ የሟሟው ቁስ ብቻ የሚለካ ከሆነ ውኃው ቶሎ፥ ቢዘገይ በ48 ሰዓት ውስጥ፥ ቀዳዳው 0.45 ማይክሮሜትር በሆነ ማጣሪያ ይጥለል። ማጣሪያውም የራሱ ቆሻሻ ስላለው አስቀድሞ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ።

4ኛ፤ ካርበኑ ለሚለካው ጠርሙስ ጥቂት አሲድ ተጨምሮ ፒኤቹ ከ2 በታች ከወረደ እስከ 28 ቀን ይቆያል። በአልትራቫዮሌት ብርሃን ለሚመረመረው ግን አሲድ አይጨመርም፤ አሲዱ ከቁሱ ከፊሉን ያዘቅጠዋልና። ይህኛው በ48 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት።

5ኛ፤ ሁሉም በ4 ዲግሪ ግድም በጨለማ ይቀመጥ፤ ግን በረዶ አይሁን። የደብረ ታቦር ብርድ ማንንም አያታልል። ናሙናው ወደ ባሕር ዳር ሲላክ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከ2,700 ሜትር ግድም ከፍታ ወደ ወረታ ሜዳ፥ ወደ 1,800 ሜትር ግድም ይወርዳል። በረዶ ያለበት ሣጥን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

6ኛ፤ በንጹሕ ውኃ የተሞላ አንድ ጠርሙስ አብሮ ይጓዝ፤ በወንዙም ዳር ተከፍቶ ይዘጋ። በምርመራ ጊዜ ቁስ ከተገኘበት፥ እድፉ የመጣው ከወንዙ ሳይሆን ከእኛ እጅ ወይም ከዕቃችን መሆኑን ይመሰክርብናል።

7ኛ፤ ቦታው፥ ቀኑ፥ ሰዓቱና ዝናብ መዝነቡ በጠርሙሱ ላይ ይጻፍ።

መሣሪያው ያገኘውን ይናገራል እንጂ ጠርሙሱ በመንገድ ላይ የደረሰበትን አያውቅም። ነፍሳቱ ቁሱን በልተው ልኩ ዝቅ ቢል፥ ያልጠራው ውኃ እንደ ጠራ ተቈጥሮ ክሎሪን ይጨመርበታል። እድፍ ገብቶ ልኩ ከፍ ቢልም የማጣሪያው መድኃኒትና የሕዝቡ ገንዘብ በከንቱ ይባክናል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው ቧንቧውን ከፍቶ የሚጠጣው ሕዝብ ነው። ስለዚህ ከእኛ መካከል ነገ የውኃ ባለሙያ የሚሆን ተማሪ፥ ምርመራው የሚጀምረው በመመርመሪያ ቤት ሳይሆን በወንዙ ዳር መሆኑን ከዛሬው ይወቅ።