ገዢ ያጣችው አሮጌ ኦስቲን ፋብሪካ ወለደች

ቤንዚን ሲጠፋ ቀድሞ የሚመታው መኪና ሻጩ ነው። በ1947 (እ.ኤ.አ.) የለንደን ያገለገሉ መኪኖች ገበያ የገጠመውም ይኸው ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ለግል መኪና ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የቤንዚን ራሽን በዚያ ዓመት ሲያቋርጥ ዋጋ ወደቀ፤ መኪና አከማችተው የነበሩ ነጋዴዎችም በኪሳራ ለመሸጥ ተገደዱ። ከእነዚህ አንዱ ኮሊን ቻፕማን ነበር። ቻፕማን በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ምህንድስና እየተማረ በጎን አሮጌ መኪና ገዝቶ ይሸጥ ነበር። ያለውን አራግፎ ሲጨርስ በእጁ የቀረችው ገዢ ያጣች አሮጌ ኦስቲን ሰቨን ናት።

በኋላ ባለቤቱ የሆነችው የሔዘል ዊሊያምስ ወላጆች ከቤታቸው ጀርባ ጋራዥ ነበራቸው። ቻፕማን ኦስቲኗን እዚያ አስገብቶ አሮጌውን ቦዲ ገፈፈና ከኮምፔንሳቶና ከአሉሚኒየም በተሠራ ቀላል ቦዲ ተካው። መኪናዋ በ1948 በአስቸጋሪ መንገድ ውድድር ተሰለፈች። የሎተስ ኩባንያ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህች መኪና ነው።

ሦስት ታቅዶ አንድ ደረሰ

ቻፕማን ቀጥሎ ያነጣጠረው የ1951ን የውድድር ዘመን ነው። 750 ሞተር ክለብ የተባለው ማኅበር ኪሱ ሳሳ ላለ አሽከርካሪ የሚሆን ውድድር ያካሂድ ነበር። ደንቡ የተመሠረተው በኦስቲን ሰቨን ላይ ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከ1922 እስከ 1939 ወደ 290 ሺህ የሚጠጋ ኦስቲን ሰቨን ስለተመረተ መኪናውም መለዋወጫውም በርካሽ ይገኛል።

ማይክልና ናይጀል አለን የተባሉ ወንድማማቾች ከቤታቸው አጠገብ በመሣሪያ የተሟላ ወርክሾፕ ነበራቸው። ከቻፕማን ጋር ተባብረው ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ፣ በድምሩ ሦስት ተመሳሳይ መኪኖች ሊሠሩ አቀዱ። ሆኖም ጊዜው አልበቃም። የውድድሩ ዘመን ሲቃረብ ጉልበታቸውን በአንዷ ላይ አዋሉ፤ የደረሰችውም ማርክ 3 ብቻ ናት።

አንዷ ግን በቃች። በኦስቲን ሰቨን ሞተር አራቱ ሲሊንደሮች ነዳጅና አየር የሚስቡት በሁለት ቀዳዳ ስለሆነ ጎረቤት ሲሊንደሮች ይሻማሉ። ቻፕማን ቀዳዳዎቹን ለሁለት ከፍሎ እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን ድርሻ እንዲያገኝ አደረገ። መኪናዋ ተፎካካሪዎቿን ጥላ ስትሄድ ክለቡ ደንቡን አሻሽሎ ዘዴውን ከለከለ።

ትርፉ ከየት መጣ?

ክልከላው ሥራውን አልገደለውም። ውድድሩን ያዩ ሰዎች ለእኛም ሥራልን ማለት ጀምረው ነበር። ቻፕማን ከሔዘል በተበደረው 25 ፓውንድ በጥር 1952 ሎተስ ኢንጂነሪንግን አቋቋመ። ወርክሾፑ ከአባቱ ሆቴል ጀርባ ያለ አሮጌ የፈረስ ጋጣ ነበር። በአሉሚኒየም ኩባንያ የነበረውን ሥራም ቶሎ አልለቀቀም፤ ደመወዙን እየበላ ንግዱን በትርፍ ሰዓቱ አሳደገ።

ማርክ 6 የተባለው ሞዴል ለገበያ የቀረበው ተገጣጥሞ ሳይሆን በዕቃ መልክ ነው። ደንበኛው ሻንሲውንና ቦዲውን ከሎተስ ይገዛል፤ ሞተርና ካምቢዮውን ከአሮጌ ፎርድ ፈትቶ በቤቱ ይገጥማል። የዚህ ጥቅም በቀረጡ ላይ ታየ። በ1951 በአዲስ መኪና ላይ የሚጣለው የግዢ ግብር ከጅምላ ዋጋው 66 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ ባለቤቱ ራሱ የሚገጥመው ዕቃ ግን ከዚህ ነፃ ነው። የተገጣጠመና የተፈታ መኪና በቀረጥ እንደሚለያዩ የእኛም አስመጪዎች አሳምረው ያውቁታል። በ1957 የወጣው ሎተስ ሰቨንም በዚሁ መንገድ ተቸበቸበ።

ይህም ቀዳዳ ተደፈነ። በ1973 እንግሊዝ የግዢ ግብሩን በተጨማሪ እሴት ታክስ ስትተካ የዕቃው ብልጫ ቀረ፤ በዚያው ዓመት ሎተስ የሰቨንን መብት ለኬተራም አስተላለፈ። ሎተስ ራሱ ግን ከ1968 ጀምሮ አክሲዮኑ በለንደን ገበያ የሚሸጥ ኩባንያ ሆኖ ነበር።

በቤት ወርክሾፕ ለሚጀመር ሥራ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ከዚህ የሚወስደው አለ። ከደንብ ክፍተት የሚገኝ ትርፍ ደንቡ እስኪለወጥ ብቻ ነው። ሎተስን ያቆየው በእጅ ካለ ርካሽ ዕቃ መነሳቱና ሦስቱ ካልሆኑ አንዷን በቀኗ ማድረሱ ነው።