ደንብን የሚሽር ካርታ፦ የምናባዊ ፍጡራን የካርታ ጨዋታ ምን ያስተምረናል?



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የልጆች መዝናኛ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁንና «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» የተባለው የካርታ ጨዋታ ለሕግ፣ ለሒሳብና ለምጣኔ ሀብት ተመራማሪ የሚሆን ጥያቄ አዝሏል። የፈለሰፈው የሒሳብ ምሁሩ ሪቻርድ ጋርፊልድ ሲሆን፣ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1993 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበው።

በተለመደው የካርታ ጨዋታ ተጫዋቾች ከአንድ ጥቅል ይስባሉ፤ ደንቡም ከካርታዎቹ ውጪ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። በማጂክ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ጥቅል መርጦ ያዘጋጃል፤ እያንዳንዱ ካርታም የፍጡሩን ኃይልና ችሎታ በራሱ ላይ ተጽፎ ይይዛል። የካርታው ቃል ከጠቅላላው ደንብ ጋር ሲጋጭ የሚጸናው የካርታው ቃል ነው። የሕግ ተማሪዎች «ልዩ ሕግ ጠቅላላ ሕግን ይሽራል» የሚለውን መርሕ እዚህ ያገኙታል።

ምሳሌ ልስጥ። በጠቅላላው ደንብ መሠረት ጥቃት የሰነዘረን ፍጡር የተቃራኒው ወገን ፍጡር ሊመክተው ይችላል። ሺቫን ድራገን የተባለው ዘንዶ ግን ይበርራል፤ በራሪውን ደግሞ በምድር የሚሄድ ፍጡር አይመክተውም። ይህም ልዩ ሁኔታ በተራው ይሻራል፤ ግዙፏ ሸረሪት ባትበርርም በራሪውን እንድትመክት በካርታዋ ላይ ተፈቅዶላታል። እነዚህ ልዩ ሁኔታዎች እርስ በርስ ሲጣመሩ ውስብስብነታቸው ወሰን ያጣል። በ2019 ሦስት ተመራማሪዎች በጨዋታው ደንብ ማንኛውንም የኮምፒውተር ስሌት ማከናወን እንደሚቻል፣ በመሆኑም አሸናፊውን ሁልጊዜ አስቀድሞ የሚለይ አጠቃላይ ቀመር እንደማይኖር አሳይተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ደንብ በካርታ ላይ ከተጻፈና ካርታ በገንዘብ ከተገዛ፣ ደንብም ይገዛል ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ካርታዎች ይሸጡ የነበሩት 15 ካርታ በያዙና በውስጣቸው ያለው በማይታይ እሽጎች ነበር፤ በእያንዳንዱ እሽግ ውስጥ ብርቅ የሚባለው በተለምዶ አንድ ብቻ ነው። ያለ ወጪ ብዙ ኃይል የሚያስገኘው ብላክ ሎተስ በመጀመሪያው ኅትመት 1,100 ያህል ቅጂ ብቻ ነበረው። በ1994 በይፋዊ ውድድር አንድ ተጫዋች ከአንድ ቅጂ በላይ እንዳያሰልፍ ተከለከለ፤ አንዷን ቅጂ ማግኘት ግን የገንዘብ ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

በ1995 ኩባንያው አንዳንድ የቆዩ ካርታዎችን እንደገና ሲያሳትም ተጫዋቾች ተጠቀሙ፤ ሰብሳቢዎች ግን የንብረታቸው ዋጋ በመውደቁ ተቆጡ። በ1996 ኩባንያው ዳግመኛ የማይታተሙ ካርታዎችን ዝርዝር አውጥቶ ቃል ገባላቸው። ብላክ ሎተስም ከእነዚህ አንዱ ነው። አንዱ ቁራጭ ወረቀት ለተጫዋቹ መሣሪያ፣ ለሰብሳቢው ቅርስ ስለሆነ፣ የአንዱ ጥቅም የሌላው ጉዳት ሆነ።

እንግዲህ ማንኛውንም ሥርዓት ስንመረምር ደንቡ ለሁሉም እኩል ይሠራል ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። በደንቡ ለመጠቀም የሚያስፈልገው ነገር በማን እጅ እንደሚገኝም መጠየቅ ይገባናል።