በስስ ሽፋን የተከፈለ ሕይወት

የእንስሳትና የዕፅዋት አካል የተገነባበት ሕዋስ በተራ ማይክሮስኮፕ ሲታይ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ እንክብል የያዘ ጠብታ ስለሚመስል፣ ከእንክብሉ በቀር ውስጡ እምብዛም ቅርጽ የሌለው ዝልግልግ ነገር ነው የሚል ግምት ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። እንክብሉን ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሮበርት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1831 ኒውክለስ ብሎ ሰይሞታል፤ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን መረጃ የያዘው ዲ.ኤን.ኤ. በአብዛኛው የሚገኘውም በዚሁ ክፍል ነው። የቀረው የሕዋስ ውስጥ መልክ ግን በሚገባ የተገለጠው ከብርሃን ይልቅ በኤሌክትሮን ጨረር የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ ከተሠራ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 በኒው ዮርኩ ሮክፌለር ተቋም ኪት ፖርተርና አልበርት ክሎድ ከባልደረባቸው ጋር ያወጡት የመጀመሪያው የሙሉ ሕዋስ ምስል፣ ባዶ ይመስል የነበረው ስፍራ በጥልፍልፍ መረብ የተያዘ መሆኑን አሳየ።

ኦርጋኔል የሚባሉት እነዚህ የሕዋስ የውስጥ ክፍሎች በትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ስማቸውና ሥራቸው እየተጣመረ በቃል ይጠናሉ። ይህ አጠናን ጥቅም ባያጣም ዋናውን ነገር ይሸፍናል፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ኦርጋኔሎች ሥራቸውን መሥራት የሚችሉት ከቀረው የሕዋስ ክፍል በሽፋን በመለየታቸው ነው። ሽፋኑ በሁለት ረድፍ ከተደረደሩ የስብ ሞለኪውሎች የተሠራና ውፍረቱ 5 ናኖ ሜትር ገደማ፣ ማለትም አንድ ሚሊ ሜትር ለ200,000 ቢከፈል የሚገኘውን ያህል ነው። የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች በቀላሉ ሊያልፉት ስለማይችሉ፣ መግባትና መውጣት የሚፈቀድላቸው በሽፋኑ ላይ በተተከሉ ፕሮቲኖች በኩል ነው። በአንድ የጉበት ሕዋስ ውስጥ ካለው ጠቅላላ ሽፋን ሕዋሱን ከውጭ የሚከልለው 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፕሮቲንና ስብ የሚሰናዱበት ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም የተባለው መረብ፣ ሲሶ የሚጠጋው ደግሞ ለሕዋሱ ጉልበት የሚያዘጋጁት ማይቶኮንድሪያ የውስጥ ሽፋን ነው። እርግጥ ሽፋን የሌላቸውም አሉ፤ ከኒውክለስ በመጣው መመሪያ መሠረት ፕሮቲን የሚገጣጥሙት ራይቦዞሞች ከእነዚህ ወገን ናቸው።

የሽፋንን ነገር ከማናቸውም በላይ ግልጽ የሚያደርገው ሊዞዞም የተባለው ኦርጋኔል የተገኘበት መንገድ ነው። ቤልጅጋዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ እ.ኤ.አ. በ1949 በሉቨን ዩኒቨርሲቲ ኢንሱሊን በጉበት ላይ ያለውን ተግባር ሲመረምር፣ ለማነጻጸሪያ ያህል አሲድ ፎስፋቴዝ የተባለውን ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ከአይጥ ጉበት አውጥቶ ይለካ ነበር። ጉበቱ በጥንቃቄ በተፈጨበት ናሙና ውስጥ የኢንዛይሙ ኃይል ከሚጠበቀው አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ያው ናሙና በማቀዝቀዣ ጥቂት ቀን ቆይቶ እንደገና ሲለካ ግን ኃይሉ በብዙ እጥፍ ጨምሮ ነበር። የመለኪያ ስሕተት ነው ተብሎ በቀላሉ ሊታለፍ የሚችለውን ይህን ውጤት ደ ዱቭና ባልደረቦቹ አጥብቀው በመከታተላቸው፣ ኢንዛይሙ በጥቃቅን ከረጢቶች ተዘግቶ እንደነበረና የከረጢቶቹ ሽፋን ቀስ በቀስ ሲቀደድ ብቻ እንደወጣ ተረዱ። ከረጢቱ እ.ኤ.አ. በ1955 ሊዞዞም የሚል ስም የወጣለት ማንም በማይክሮስኮፕ ለይቶ ሳያየው፣ በኬሚካዊ ልኬት ብቻ መኖሩ ታውቆ ነው። ደ ዱቭ ከአልበርት ክሎድና ከሌላው የሕዋስ ተመራማሪ ከጆርጅ ፓላዴ ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ሊዞዞም ያረጁ የሕዋስ ክፍሎችንና ከውጭ የተዋጡ ነገሮችን ይፈጫል። ውስጡ እጅግ አሲዳማ ሲሆን፣ ኢንዛይሞቹም በዚህ አሲድ ውስጥ ብቻ የሚበረቱ በመሆናቸው ጥቂት ቢያፈተልኩ እንኳ ከሽፋኑ ውጭ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ከኢንዛይሞቹ አንዱ ሲጎድል የሚከተለው ችግር ግን ከባድ ነው፤ ለምሳሌ ፖምፔ በተባለው የዘር በሽታ ግላይኮጅን የተባለው የስኳር ክምችት ሳይፈጭ በሊዞዞም ውስጥ እየታጨቀ የልብንና የሌሎችን ጡንቻዎች ሥራ ያሰናክላል። መንሥኤውን እ.ኤ.አ. በ1963 የደረሰበት የደ ዱቭ ባልደረባ የነበረው ኦሪ ዤሪ ኤር ነው።

የማይቶኮንድሪያ ሥራም ያለ ሽፋን ከንቱ ነው። ከምግብ የተገኘው ጉልበት ፕሮቶኖችን ከውስጠኛው ሽፋን ወዲያ ማዶ እየገፋ ያከማቻቸዋል፤ እንደ ግድብ ውኃ ወደ ኋላ ሲመለሱም በሽፋኑ ላይ የተተከለውን ፕሮቲን በሰከንድ ከ100 ጊዜ በላይ ሊያሽከረክሩት ይችላሉ፣ በዚህም ሕዋስ ለሥራው ሁሉ የሚያወጣው ኤ.ቲ.ፒ. የተባለው ሞለኪውል ይሠራል። እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲያቀርብ ብዙዎች ተቃውመውት ነበር፤ በ1978 ግን ኖቤል አስገኘለት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ለማክሳት ይሸጥ የነበረው ዳይናይትሮፌኖል ፕሮቶኖቹን በሽፋኑ አሾልኮ ስለሚያሳልፍ፣ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ብቻ እየተለወጠ ተጠቃሚዎች በሰውነታቸው ግለት እስከ መሞት ደርሰዋል።

ኦርጋኔሎቹን ያጣ ሕዋስም አለ፤ የበሰለ የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለሱንም ማይቶኮንድሪያውንም ሊዞዞሙንም ጥሎ ኦክስጅን በሚሸከመው ሄሞግሎቢን የተሞላ በመሆኑ፣ ራሱን ሳያባዛ 120 ቀን ገደማ ኖሮ ያልፋል። ወደዚህ ባዶ ሕዋስ የሚገባው የወባ ተሕዋስ ግን የራሱን ኦርጋኔሎች ይዞ ይመጣል፤ ከእነርሱም አንዱ ሊዞዞምን የሚመስል አሲዳማ የምግብ ከረጢት ነው። ተሕዋሱ ሄሞግሎቢንን በከረጢቱ ሲፈጭ ለራሱ መርዝ የሆነው ሄም ስለሚተርፍ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ጠቆር ብሎ ወደሚታይ ጠጣር ቅንጣት ይለውጠዋል። ክሎሮኪን የተባለው መድኃኒት ሙል ሳይኖረው ሽፋኑን አልፎ ይገባና በአሲዱ ውስጥ ሙል ስለሚያገኝ መውጫ ያጣል፤ በዚያው ተከማችቶም የሄሙን መጠጠር በማገድ ተሕዋሱን በገዛ መርዙ ይገድለዋል።

ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዝርያ ከዚህ መድኃኒት ያመለጠው በዚሁ ሽፋን በኩል ነው። በሽፋኑ ላይ ካለ አንድ አጓጓዥ ፕሮቲን 424 አሚኖ አሲዶች መካከል 76ኛው፣ አዎንታዊ ሙል ያለው ላይሲን፣ ሙል በሌለው ትሪዮኒን ሲተካ፣ ሙል ያገኘው ክሎሮኪን ተገፍቶ መመለሱ ይቀርና በዚያው ፕሮቲን በኩል ከከረጢቱ ይወጣል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1998 ለፋልሲፓረም ክሎሮኪን መስጠቷን ትታ ወደ ሌላ መድኃኒት፣ በ2004 ደግሞ አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን ወደተጣመሩበት ሕክምና ተሸጋግራለች፤ ቫይቫክስ ለተባለው ዝርያ ግን ክሎሮኪን ከዚያም በኋላ ሲታዘዝ ቆይቷል።