ቁልፉ የጠፋበት ራውተር

ኢንተርኔትን ወደ ቤትና ወደ ቢሮ የሚያስገባው ራውተር ደህና እስከሠራ ድረስ የሚያስታውሰው የለም። በእኛም ቢሮ የሆነው ይኸው ነው። መሣሪያውን ያስተካከለው ወንድማችን ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወር፣ የመቆጣጠሪያ ገጹ የይለፍ ቃል አብሮት ሄደ፤ ኋላ ብንጠይቀው እርሱም ዘንግቶታል።

በዚህ ጊዜ የቀረን መንገድ ሪሴት የሚል የተጻፈበትን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ነበር። (የሰከንዱ መጠን እንደየመሣሪያው ይለያያል።) ይህ ግን ራውተሩን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል፤ የዋይፋዩ ስም፣ ከአገልግሎት ሰጪው የተሰጠው መግቢያ፣ ለፕሪንተሩ የተመደበው አድራሻ ሁሉ ይደመሰሳል። እኛም የጻፍነው ነገር ስላልነበረን ሦስት ቀን ያለ ኢንተርኔት ቆየን፤ የወሩም ሪፖርት ዘገየ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አብዛኞቹ ራውተሮች በመቆጣጠሪያ ገጻቸው ላይ ባክአፕ የሚል ክፍል አላቸው፤ ቅንብሩን በሙሉ በአንድ ፋይል ያወጣል። ከሪሴት በኋላ ያንን ፋይል መልሶ መጫን ሥራውን በደቂቃዎች ያስጀምራል።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ሙሉው ቅጂ ሲመለስ የተረሳውም የይለፍ ቃል አብሮ ሊመለስ ይችላል፤ በሩ እንደገና ይዘጋል ማለት ነው። ስለዚህ ቅጂው ያለ ይለፍ ቃሉ ግማሽ አደራ ነው። የላትቪያው ማይክሮቲክ ራውተር ለምሳሌ ሁለት ዓይነት ቅጂ ያወጣል። አንደኛው ለዚያው መሣሪያ የታሰበና የተጠቃሚዎችን የይለፍ ቃል የያዘ ነው። ሁለተኛው ትእዛዞቹን በጽሑፍ የሚዘረዝር ሲሆን፣ የተጠቃሚዎችን የይለፍ ቃል አይጨምርም፤ በመሆኑም አዲስ ቃል አውጥቶ የቀረውን ከጽሑፉ መመለስ ይቻላል።

እንግዲህ ቅንብሩ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ቅጂ ይውጣ፤ ቀኑ፣ የራውተሩ ሞዴልና የፈርምዌሩ ቁጥር ይጻፍበት፤ የአንዱ ሞዴል ቅጂ ለሌላው አይሆንምና። ፋይሉ በፍላሽ ዲስክ ይቀመጥ፤ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያለ ቅጂ፣ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀን አይደረስበትም። የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ፣ ታሽጎ፣ ከፋይሉ ጋር በተቆለፈ ስፍራ ይኑር፤ ፋይሉ ራሱ ምስጢር ይዟልና ለማንም አይሰጥ። ስፍራውንም ቢያንስ ሁለት ታማኝ ሰዎች ይወቁት። በአንድ ሰው ልብ ብቻ ያለ ቁልፍ፣ ሰውየው በሄደ ቀን እንደሚጠፋ እኛ በሦስት ቀን ተምረናል።