አንዳንዴ ብቻ የምትታመም መኪና

በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት በነርስነት ስሠራ ከበሽተኛ ባላነሰ ያስጨነቀችኝ አንዲት አምቡላንስ ነበረች። አንድ ቀን ትነሳለች፤ ሌላ ቀን ቁልፉ ሲዞር "ቀጭ" ብላ ዝም ትላለች። ጋራዥ ስትደርስ ግን እሺ ብላ ስለምትነሳ መካኒኩ "ምንም የላትም" ብሎ ይመልሳታል።

አንድ ሌሊት የአንዲት ወላድ ደም አልቆም አለ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ብርቱ ደም በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ኦክሲቶሲን ሰጥቼ፣ ማሕፀኗን እያሸሁ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ልንወስዳት ስንል አምቡላንሷ "ቀጭ" አለች። ዘመዶቿ በቁልቁለቱ ገፍተው አስነሷት። እናቲቱ ተረፈች፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

በማግስቱ ሾፌራችንን "እንዲህ ያለ በሽተኛ አውቃለሁ" አልኩት። የወባ ትኩሳት ሄድ መጣ ይላል፤ ታማሚው እኛ ጋ ሲደርስ ሰውነቱ ቀዝቅዞ ሊገኝ ይችላል። ደህና ነህ ብለን አንሸኘውም፤ መቼ እንደሚጀምረው ጠይቀን ደሙን እንመረምራለን።

"ሲስተር፣ መኪናና ሰው አንድ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ቢሆንም ደብተር ያዘ። እምቢ ባለች ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ወይም ሙቅ መሆኑን፣ ድምፁንና የመብራቱን ሁኔታ ጻፈ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ደብተሩ ተናገረ። በብርድም በሙቀትም እምቢ ትላለች፤ መብራቱ አይደበዝዝም፤ "ቀጭ" የሚለው አንዴ ብቻ ነው፤ ደጋግመው ሲሞክሩ ድንገት ትነሳለች። ባትሪው ደክሞ ቢሆን መብራቱ ይፈዝ ነበር። ያለ ምርመራ የተገዛው አዲስ ባትሪ ለካ ከንቱ ወጪ ኖሯል! መካኒኩ ሞተሪኖውን ሲፈታ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኙት ትንንሽ መዳቦች ተበልተው ተገኙ። ተቀየሩ፤ ከዚያ ወዲህ አላስገፋችንም።

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ ዙሪያ ላለን ደገኞች ብርድም ሌላ ምክንያት ነው። ባትሪ ያደክማል፣ የሞተር ዘይት ያወፍራል። ስለዚህ መኪና ያላችሁ ልጆቻችሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቋቸው፦

ሞተሩ እየከበደው ቀስ ብሎ ይዞራል? መብራቱስ ይፈዛል? ባትሪው ይለካ። ያደረ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ከሆነ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12.2 ካነሰ ደክሟል። የባትሪው ማሰሪያዎችም ዝገትና መላላት ይታይባቸው።

በደንብ እየዞረ አይነሳም? ችግሩ ወደ ነዳጁ ያዘነብላል። የናፍታ መኪና ከሆነ ፊልትሮው፣ ውኃ ወይም አየር መግባቱ፣ በብርድ ጊዜም ማሞቂያው ይታይ።

ባትሪ አጠገብ እሳት አይቅረብ፤ ጋዙ ይፈነዳል። ልጆችም ይራቁ።

ምጥ ቀጠሮ አያከብርም። "ዛሬስ ተነስታለች" ብላችሁ አትለፏት፤ ደህና በሆነች ቀን አስመርምሯት።