የደከመ ማግኔት ያለበትን የድሮ ምትሃት ዕቃ እንዴት እናድን?

በ1770 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በቪየና፣ በእቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ፊት፣ የቱርክ ልብስ የለበሰ የእንጨት ሰው ቼዝ ተጫወተ። የሠራው ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፕለን ነበር። አሻንጉሊቱ ትልቅ ሣጥን ላይ ወደተዘረጋው ገበታ እጁን ይሰዳል፣ ጠጠር ያነሳል፣ ብዙ ጊዜም ያሸንፋል። ሣጥኑ ውስጥ ጎበዝ ተጫዋች ተሸሽጎ እንደነበር ዛሬ ይታወቃል። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ይህ ሰው ጠባብ ሣጥን ውስጥ በሻማ ብርሃን ተኮራምቶ ከበላዩ ያለውን ገበታ በምን ያያል?

በማግኔት ነው። በእያንዳንዱ ጠጠር ግርጌ ማግኔት ተቀብሯል፤ ከገበታው ሥር ደግሞ በ64ቱም ቤቶች ልክ ትንንሽ ማግኔቶች በክር ተንጠልጥለዋል። ጠጠር ሲቀመጥ ከሥሩ ያለችው ትሳባለች፣ ሲነሳ ትወርዳለች። ተጫዋቹ የሚያነበው የእነርሱን መውጣትና መውረድ ነው። አሁን ከጠጠሮቹ የአንዱ ማግኔት ደከመ እንበል። ጠጠሩ ከላይ ተቀምጧል፣ ከሥር ግን የተንቀሳቀሰ ነገር የለም። ተጫዋቹ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ያስባል፤ ጨዋታው በሙሉ ይበላሻል። የማግኔት ምትሃት ክፉ ጠባዩ ይህ ነው፤ በግማሽ አይሠራም።

ታዲያ ማግኔት ለምን ይደክማል? በውስጡ እያንዳንዳቸው እንደ ማግኔት የሆኑ እጅግ ጥቃቅን ክልሎች አሉ። አብዛኞቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞሩ ኃይላቸው ይደመራል፤ ሲዘበራረቁ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ስለዚህ ከደከመ ማግኔት ውስጥ ፈስሶ ያለቀ ነገር የለም፤ የጠፋው ሥርዓቱ ነው። ደስ የሚለውም ይህ ነው፤ ሥርዓት መልሶ ማስያዝ ይቻላል። ሥርዓቱን የሚያፈርሱት ሙቀት፣ ተደጋጋሚ ምትና መውደቅ፣ ተመሳሳይ ዋልታውን አዙሮ የሚጠጋ ሌላ ጠንካራ ማግኔት ናቸው። በድሮው ብረት ላይ ቅርጹም ራሱ ጠላት ነው፤ አጭርና ወፍራም ከሆነ የራሱ ኃይል መልሶ እሱኑ ያደክመዋል። የጥንቶቹ ማግኔቶች ረጃጅም ዘንግ ወይም የፈረስ ኮቴ ቅርጽ የነበራቸው ለዚህ ነው።

በእጃችሁ ያለው ዕቃ መቼ እንደተሠራ ካወቃችሁ ማግኔቱን መገመት አይከብድም። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ማግኔት ማለት ጠንካራ ብረት ነበር፤ ይዝጋል፣ ቶሎም ይደክማል። በ1931 ጃፓናዊው ቶኩሺቺ ሚሺማ ብረት፣ ኒኬልና አሉሚኒየም ቀላቅሎ የሠራው ማግኔት ዛሬ አልኒኮ ለምንለው ቤተሰብ መነሻ ሆነ። አልኒኮ ብርማ መልክ አለው፤ ሙቀትን በደንብ ይችላል፣ ተቃራኒ ማግኔትን ግን አይቋቋምም። በ1950ዎቹ ጥቁሩ ፌራይት መጣ፤ ብዙ ድምፅ ማጉያዎች ጀርባ ላይ ያለው ቀለበት እሱ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በጃፓን ማሳቶ ሳጋዋ፣ በአሜሪካ የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪዎች በየፊናቸው ከሁሉም የሚበረታውን የኒዮዲሚየም ማግኔት ሠሩ።

እዚህ ላይ አንድ ልመና አለኝ፤ ማግኔቱን ከመክሰሳችሁ በፊት ርቀቱን መርምሩ። ከትንሽ ማግኔት ራቅ ስትሉ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የማግኔት መስኩ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ኬምፕለን በዚህ ሕግ ተማምኖ ይመስለኛል ተመልካች ትልቅ ማግኔት ከገበታው ጎን እንዲያስቀምጥ ይፈቅድ የነበረው፤ ከሥር ያሉትን አይረብሻቸውም፣ ተመልካቹ ግን «ማግኔት የለበትም» ብሎ ያምናል። በአሮጌ ዕቃ ላይ ይኸው ሕግ ተቃዋሚያችን ነው። ሙጫው ለቆ ማግኔቱ ጉድጓዱ ውስጥ ትንሽ ሰምጦ ይሆናል። አንድ ሰው ያረጀውን የሽፋን ጨርቅ በወፍራም ቀይሮት ይሆናል። የሚሳበው ብረት ዝጎ ሳስቶ ይሆናል። በተለይ ዕቃው ፌራይት ካለበት ጥርጣሬያችሁን ወደ ክፍተቱ አዙሩ፤ ፌራይት እንዲሁ በእርጅና ብዙም አይደክምም።

በእርግጥ ደክሞ ከሆነ መጀመሪያ ኮምፓስ አምጡና የትኛው ጫፍ የትኛው ዋልታ እንደሆነ ምልክት አድርጉ። ይህን የዘለለ ሰው ዕቃውን ሲገጥም መሳብ የነበረበት ይገፋበታል። የድሮው ጠንካራ ብረት ከሆነ በጠንካራ የኒዮዲሚየም ማግኔት አንድ ዋልታ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ እያነሱ ደጋግሞ ማሸት ብዙ ኃይል ይመልስለታል። አልኒኮና ፌራይት ግን ከዚህ በላይ ይፈልጋሉ፤ በመዳብ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ለቅጽበት የሚለቀቅ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋቸዋልና ለባለሙያ ስጡ። አልኒኮው በብረት እቅፍ ውስጥ የተገጠመ ከሆነ ሳይፈታ ቢሞላ ይመረጣል፤ ከእቅፉ ሲወጣ ብቻ እንኳ ኃይል ሊያጣ ይችላል።

መተካት ግድ ሲሆን አብዛኛው ሰው የሚያገኘውን ብርቱ ኒዮዲሚየም ይገዛል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ዕቃውን የሠራው ሰው ጨርቁን፣ ሞላውን፣ የእንጨቱን ውፍረት ሁሉ የለካው በዚያ ደካማ ማግኔት ልክ ነው። ኃይሉን ስታበዙት የሚሳበው ሳንቲም «ጠቅ!» ብሎ ይጣበቃል፤ ድምፁ ምስጢሩን ያወጣዋል። በዝግታ መላቀቅ የነበረበትም አልላቀቅ ይላል።

ኤድሜ ጊዮ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1769 ጀምሮ ባሳተመው መጽሐፍ በደካማ ማግኔት የሚሠራ ብዙ ጨዋታ አለ። በሰሌዳ ውስጥ የማግኔት ዘንግ ይደበቃል፤ ምትሃተኛው ኮምፓስ በተሸሸገበት መነጽር መሰል ቱቦ አይቶ የትኛው ሰሌዳ እንደተመረጠ ይናገራል። በዚያ ዘንግ ፋንታ ኒዮዲሚየም ብታስገቡ መርፌው ከጎረቤት ሰሌዳ ይጎተታል፣ መልሱም ይሳሳታል። ሲብስ የመርፌው የራሱ ዋልታ ይገለበጣል። ስለዚህ ትንሽና ስስ ማግኔት መርጣችሁ፣ ኃይሉን በካርቶን ወይም በስስ እንጨት ክፍተት እየቀነሳችሁ ልኩን ፈልጉ።

ኒዮዲሚየም ሌሎች ጠባዮችም አሉት። ተራው ዓይነት ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ለዘለቄታው ሊደክም ይችላል፤ ስለዚህ አትበይዱት፣ በኢፖክሲ ሙጫ ለጥፉት። የኒኬል ልባሱ ከተላጠ ይዝጋል፣ ሲጋጭም ይሰበራል። ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ እባካችሁ ተጠንቀቁ፤ ከአንድ በላይ ከተዋጠ ማግኔቶቹ አንጀትን መሃል አድርገው ይሳሳቡና ይበሱታል። ሕፃን ውጦ ከሆነ አንድ ደቂቃ ሳትቆዩ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ሁሉም የማግኔት ምትሃት በዚህ መንገድ እንደማይታከምም ልብ በሉ። ፈረንሳዊው ምትሃተኛ ሮቤር ሁዳን በ1856 አልጄሪያ ውስጥ ብርቱ ሰው እንዳያነሳው ያደረገው ሣጥን የተያዘው በኤሌክትሮማግኔት ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲደክም የሚመረመረው ሽቦው፣ መሸፈኛውና የኤሌክትሪክ ምንጩ ነው።

የኬምፕለን የእንጨት ሰው ራሱ በ1854 በፊላደልፊያ ተቃጥሏል። የሎስ አንጀለሱ የምትሃት ዕቃ ሠሪ ጆን ጎገን ዳግም የሠራው በ1989 ለሕዝብ ታየ። የእናንተ ዕቃ ግን እሳት ካልነካው የመጀመሪያው ማግኔት ገና በእጃችሁ ነው። ቢደክምም አትጣሉት፤ ዋልታው ምልክት ተደርጎበት፣ ከየት እንደወጣና በምን እንደተተካ ተጽፎ፣ ከአዲሱ ማግኔት ርቆ ይቀመጥ። የሚቀጥለው ጠጋኝ ከእናንተ የተሻለ መሙያ ሊኖረው ይችላል።